«ጠረሰ»፣ «ጠዘጠዘ»፣ «ነርቩ ተገደለ»፦ ጥርስ ሐኪም ጋ የምንላቸውና የምንባላቸው ቃላት

«ነርቩ ተገደለ» ሲባል ጥርሱ ሞተ ማለት ነው ወይስ ነርቩ ብቻ? ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ ልሰጥ ነበር ሐሳቤ። ከዚያ በቡድናችን ገጽ ከጥያቄው ስር አባላት የጻፋችሁትን ሳነብ ነገሩ ሰፋብኝ። ግማሹ ሰው «ጥርስ አስተከልኩ» ሲል አጥንት ውስጥ ስለሚገባው ብሎን ነው የሚያወራው፣ ግማሹ ደግሞ ከጎረቤት ጥርሶች ጋር ስለሚያያዘው ድልድይ። ሁለቱ ወገን ይከራከራል፣ ሁለቱም ልክ ነው። አንዱ ደግሞ «ጥርሴን አሳጠብኩ ግን አልነጣም፣ ተበላሁ» ብሎ ተናዷል። ሥራዬ ጥርስ ህክምና ውስጥ ስለሆነ እነዚህን ቃላት ቀኑን ሙሉ ነው የምሰማቸው፣ ስለዚህ ረዘም ቢል ታገሱኝ።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። አማርኛ ስለ ጥርስ ሕመም ሲናገር ስለት አለው። ስለ ጥርስ ህክምና ሲናገር ግን ይደፈናል፤ አንዱ ግስ ሶስት አራት ዓይነት ሥራ ደርቦ ይሸከማል። ታካሚው የሚጎዳው ነገሩን ሲያገላብጠው ነው። ያን ሁሉ ግስ ቤቱ ትቶ መጥቶ «ያመኛል» ብቻ ይላል፣ «እንተክልልሃለን» ሲባል ደግሞ የትኛውን እንደሆነ ሳይጠይቅ እሺ ይላል።

ከሕመሙ ልጀምር፣ ሀብታችን እዚያ ነው።

«ጥርሴ ጠረሰ» ሁላችንም እናውቀዋለን። ኮምጣጣ ነገር ስንበላ የሚመጣው ያ ሽምቅቅ የሚያደርግ ስሜት ነው። ቃሉ የቆየ ነው፤ አባቶች ያልበሰለ ወይን በልተው የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚለው አባባል በኤርምያስም በሕዝቅኤልም አለ። ሐኪሙ «ሴንሲቲቪቲ አለህ» ሲል የዚህን ቃል ጎረቤት ነው የሚጠራው። የጥርስ የላይኛው ልባስ ኢናሜል ይባላል፣ ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ነገር እሱ ነው፣ ግን ሕይወት ያለው ሴል የለውም። ከሳሳ ሳስቶ ይቀራል፣ እንደ አጥንት ራሱን አይጠግንም። ከስሩ ያለው ዴንቲን ደግሞ በዓይን በማይታዩ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሞላ ነው፣ ቱቦዎቹም ፈሳሽ አላቸው። ኢናሜሉ ሲሳሳ ወይም ድዱ ሲሸሽ ቱቦዎቹ ይጋለጣሉ። ቀዝቃዛ ነገር፣ ጣፋጭ ነገር፣ ነፋስ እንኳ ፈሳሹን ሲያንቀሳቅሰው ውስጥ ያለው ነርቭ ይሰማዋል። ስለዚህ «ቀዝቃዛ ሲነካው ይጠርሳል፣ ወዲያው ግን ይተወኛል» ያለኝ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው የተጋለጠውን ቦታ መሸፈን፣ ለዚሁ የተሰራ የጥርስ ሳሙና መጠቀምና ቡርሹን ቀለል አድርጎ መያዝ ነው። በነገራችን ላይ ኮምጣጣ ከበላችሁ በኋላ ወዲያው ጥርስ መቦረሽ ጥሩ አይደለም። አሲዱ ኢናሜሉን ለጊዜው አለስልሶታል፣ ቡርሹ ደግሞ ይፍቀዋል። በውሃ ተጉመጥመጡና ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ።

«ነዘረኝ» የሚለው ከዚህ ይከብዳል። ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ድንገት ንዝር ማድረግ ነው። እዚህ ጋ ሐኪሙ የሚጠብቃት አንዲት መረጃ አለች፦ ስንት ጊዜ ቆየ? ቀዝቃዛው ከሄደ በኋላ በጥቂት ሰከንድ ከጠፋ የጥርሱ ውስጠኛ ክፍል ተቆጥቷል እንጂ አልሞተም፣ ምክንያቱ ከተወገደ ሊያገግም ይችላል። ቀዝቃዛው ሄዶ ሕመሙ ደቂቃና ከዚያ በላይ ከቆየ ግን ነገሩ ሌላ መንገድ ይዟል።

«ጠዘጠዘኝ» ስትሉ ሐኪሙ ጆሮውን ያቆማል። መጠዝጠዝ ማንም ሳይነካው፣ ከልብ ምት ጋር እየተመታ የሚመጣ ሕመም ነው። ሌሊት ይብሳል። ሰው ትራስ ደራርቦ፣ ቁጭ ብሎ ያድራል። ይህ የሥነ ልቦና ጉዳይ አይደለም። የጥርሱ ውስጠኛ ክፍል፣ ፐልፕ የሚባለው፣ ለስላሳ ነገር ነው፣ ነርቭም የደም ሥርም አለው። የሰውነት ሌላ ቦታ ሲቆጣ ያብጣል፣ ቦታ ያገኛል። ፐልፕ ግን በጠንካራ ግድግዳ ተከቧል፣ የሚያብጥበት ስፍራ የለውም፣ ስለዚህ ግፊቱ ነርቩ ላይ ያርፋል። ጋደም ሲሉ ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ይጨምርና ይብሳል። ትኩስ ነገር ሲያባብሰው ቀዝቃዛ ሲያስታግሰው ካያችሁ ደግሞ ያ ጥርስ በሙሌት ብቻ የሚመለስ አይመስልም።

ከዚህ ቀጥሎ «ጥርሱ የረዘመብኝ መሰለኝ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ሲናገሩ እንደማፈር ይላሉ። አይፈሩ፣ በጣም ጥሩ ገለጻ ነው። ችግሩ ከጥርሱ ውስጥ አልፎ ስሩ ጫፍ ደርሷል ማለት ነው። ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ጅማት ሲቆጣ ጥርሱ በጥቂቱ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ስትገጥሙ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ይሆናል። «ስነክስ ሳይሆን ስለቀው ነው የሚወጋኝ» ያለ ሰው ደግሞ የተሰነጠቀ ጥርስ ሊኖረው ይችላል። ራጅ ላይ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ስለዚህ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከፎቶው ትበልጣለች።

አሁን እኔ በጣም የምፈራው ቃል፦ «ተወኝ»። ሳምንት ሙሉ ሲጠዘጥዘው የነበረ ሰው አንድ ቀን ሕመሙ ጸጥ ይላል። ቀጠሮውን ይሰርዛል። እፎይታው ብዙ ጊዜ ፐልፑ ስለሞተ ነው፤ የሞተ ነገር አያምም። ጀርሞቹ ግን እዚያው ናቸው፣ ቀስ እያሉ ወደ አጥንቱ ይወርዳሉ። ከወራት በኋላ ፊቱ አብጦ ሲመጣ «ድንገት ነው ያበጠኝ» ይላል።

ወደ ተነሳው ጥያቄ ልመለስ። «ነርቭ መግደል» የምንለው ሐኪሞች ሩት ካናል የሚሉት ነው። አባባሉ ከየት መጣ ላላችሁት፣ በአንድ ወቅት ቃል በቃል እውነት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማደንዘዣ ሳይስፋፋ አርሴኒክ ያለው መድኃኒት ጥርሱ ውስጥ ተደርጎ ፐልፑ እስኪሞት ይጠበቅ ነበር። አርሴኒክ መርዝ ነው፤ ሲያመልጥ ድድና አጥንትም ይገድላል። ዛሬ የሚደረገው መግደል ሳይሆን ማውጣት ነው። ጥርሱ ይደነዝዛል፣ ከላይ ይከፈታል፣ የታመመው ወይም የሞተው ፐልፕ ከስሮቹ ቦይ ውስጥ በቀጫጭን መሣሪያ ተጠርጎ ይወጣል፣ ቦዩ በመድኃኒት ይታጠባል፣ ከዚያ ተሞልቶ ይዘጋል። «ስሩን ማጽዳት» ብንል ይሻል ነበር ብዬ አስባለሁ። «መግደል» የሚለው ቃል ሰው ያስፈራል፣ ብዙውም ገና ስሙን ሲሰማ «ይነቀልልኝ» ይላል።

ታዲያ ጥርሱ ሞተ? ግማሽ ለግማሽ። ቀዝቃዛና ትኩስ አይሰማውም፣ ምክንያቱም የሚሰማው ክፍል ወጥቷል። ግን በዙሪያው ያለው ጅማት ሕያው ነው፣ ደም አለው፣ ነርቭ አለው። «ነርቩ ከወጣ ለምን ስነክስበት ያመኛል?» ብሎ የጠየቀው ሰው መልሱ ይኸው ነው። ከሥራው በኋላ ጥቂት ቀን ሲነክሱበት መቆጥቆጡ የተለመደ ነው። እየቀነሰ መሄድ አለበት፤ እየጨመረ ወይም እያበጠ ከሄደ ይመለሱ።

እግረ መንገዴን፣ የታችኛው የጥበብ ጥርስ (የመጨረሻው የኋላ ጥርስ) ሲነቀል «ነርቭ ሊነካ ይችላል» የሚባለው ይህ ነርቭ አይደለም። እሱ በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚያልፍ ትልቅ ነርቭ ነው፣ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ። ከተጎዳ ከንፈር ይደነዝዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ስሜቱ ይመለሳል፣ አልፎ አልፎ ግን እንደደነዘዘ ይቀራል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የትኛው ነርቭ እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ቃል፣ ሁለት የተለያየ አደጋ።

«መግል ይዟል፣ አንቲባዮቲክ ይበቃኛል አይደል?» አይበቃም። የሞተ ፐልፕ ደም አይደርሰውም፣ መድኃኒት ደግሞ የሚጓዘው በደም ነው። እብጠቱን ለጊዜው ያበርደዋል፣ ምንጩ ግን ይቀራል። ምንጩ የሚደርቀው ጥርሱ ተከፍቶ ሲጸዳ ወይም ሲነቀል ነው። አንቲባዮቲክ ትርጉም የሚኖረው ኢንፌክሽኑ ሲሰራጭ ነው፦ ትኩሳት ሲኖር፣ ፊት ሲያብጥ። አፍ አልከፍት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ወይም እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከሄደ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አስፕሪን ድድ ላይ አስቀምጠው የሚመጡ ሰዎችም አሉ። አስፕሪን አሲድ ነው፣ ድዱን ያቃጥለዋል፣ ሕመሙ ሁለት ይሆናል።

ስለ «ማደንዘዣ» ሁለት ነገር። «አደንዝዞኝም ይሰማኝ ነበር» የሚል ሰው ብዙ ነው። ማደንዘዣ ሕመምን ይዘጋል፣ ግፊትን ግን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ሲገፋ፣ ሲነቃነቅ ይሰማል፤ ስለት ያለው ሕመም ከተሰማችሁ ግን እጅ አንሱና ይጨመርላችሁ። መግል ያለበት ቦታ ማደንዘዣ አልይዝ ይላል፣ ሐኪሙ ስለሰነፈ አይደለም፤ የተቆጣ ሥጋ አሲዳማ ስለሆነ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል። ሁለተኛው፦ መርፌው ከገባ በኋላ ልብ ቶሎ ቶሎ ሲመታ «አለርጂ አለብኝ» የሚሉ አሉ። ሊዶኬይን እ.ኤ.አ. በ1943 ስዊድን ውስጥ ተገኝቶ ዛሬም ድረስ በብዛት የሚሰራበት ማደንዘዣ ነው፤ ብዙ ጊዜ ትንሽ አድሬናሊን ይጨመርበታል፣ መድኃኒቱ ቦታው ላይ እንዲቆይ። ልብ የሚያስመታው እሱ ነው፣ በደቂቃዎች ያልፋል። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ካለባችሁ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

አሁን ወደ ተናደደው ወዳጃችን። «እጥበት» ማንጣት አይደለም! ቃሉ ግን ያሳስታል፣ ልብስ ሲታጠብ ይነጣላ። ጥርስ ላይ በየቀኑ የሚያድረው ለስላሳ የጀርም ሽፋን ፕላክ ይባላል፣ በቡርሽ ይለቃል። ካልለቀቀ በምራቅ ውስጥ ያለው ካልሲየም እየጠጣ ይደነድናል፣ ድንጋይ ይሆናል። ያ ታርታር ነው፣ በቡርሽ አይነሳም። ምላሳችሁን በታችኛው የፊት ጥርሶች ጀርባ አስኪዱ፤ ሻካራ ጠርዝ ካገኛችሁ እሱ ነው። እዚያ የሚበዛው የምራቅ ዕጢ ቀዳዳ እዚያው ስለሚከፈት ነው። እጥበት፣ ሐኪሞች ስኬሊንግ የሚሉት፣ ይህን ድንጋይ ማንሳት ነው። ማንጣት ደግሞ ጥርሱን ራሱን በፐሮክሳይድ መድኃኒት ቀለሙን መለወጥ ነው። እሱም ቢሆን የተፈጥሮ ጥርስን ብቻ ነው የሚያነጣው፤ ሙሌትና ክራውን (ጥርስ ላይ የሚለበሰው ሽፋን) በነበሩበት ቀለም ይቀራሉ፣ ከፊት ያለ ሙሌት ካላችሁ አስቡበት።

«ከታጠብኩ በኋላ ጥርሴ ሳሳ፣ ክፍተት ተፈጠረ» የሚለውም አለ። ክፍተቱ የነበረ ነው። ድንጋዩ ሞልቶት ነበር፣ ድዱም ከስሩ ሸሽቶ ነበር። ድንጋዩ ሲነሳ ገበናው ተገለጠ።

ከዚሁ ጋር «ድዴ ይደማል» የሚለውን እናንሳ። ሰው ሲደማ ቡርሹን ያቆማል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው፣ በእርጋታ ግን በደንብ መቦረሽ። ጂንጂቫይቲስ የሚባለው የድድ መቆጣት ብቻ ነው፣ ከተጸዳ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ፔሪዮዶንታይቲስ ሲባል ግን ጥርሱን የያዘው አጥንት መቀነስ ጀምሯል። የሄደው አጥንት በአብዛኛው አይመለስም፣ ህክምናው ቀሪውን ማዳን ነው። ሁለቱ ቃላት በጆሮ ይመሳሰላሉ፣ ልዩነታቸው ግን የዕድሜ ልክ ነው። የትኛው እንዳለባችሁ የምታውቁበት መንገድ ወንበሩ ላይ ሆናችሁ ሐኪሙ ለረዳቱ የሚጠራውን ቁጥር መስማት ነው። ሚሊሜትር የተሰመረባት ቀጭን መሣሪያ በድድና በጥርስ መሀል እያስገባ፣ ለአንድ ጥርስ ስድስት ቦታ፣ «ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት… ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት» እያለ ይሄዳል። እስከ ሦስት ያለው ደህና ነው። አራትና ከዚያ በላይ ሲበዛ ኪስ ተፈጥሯል፣ ቡርሽ የማይደርስበት። «ስንት ስድስት አለኝ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር አይደለም። የሚያጨስ ሰው ድዱ ብዙም ላይደማ ይችላል፣ ምክንያቱም ማጨስ የድዱን የደም ሥር ያጠባል። ስለዚህ አለመድማቱ አያታልለው።

«ትል በላው» የሚለውን አንድ አባል አንስታ ስቃችሁባታል። አትሳቁ። የጥርስ ትል እምነት ከጥንት ባቢሎን ጀምሮ በብዙ ሕዝብ ዘንድ የነበረ ነው፣ የተጻፈ ማስረጃም አለ። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር በ18ኛው ክፍለ ዘመን በማጉያ መነጽር ፈልጎ ትል አላገኘም። የሚበላው አሲድ ነው። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ይበላሉ፣ አሲድ ያወጣሉ፣ ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያ (ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በረታ ማለት ነው) 5.5 አካባቢና ከዚያ በታች ሲወርድ ኢናሜሉ ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል። ምራቅ ቀስ ብሎ ያስተካክለዋል፣ ጊዜ ካገኘ። ለዚህ ነው ከስኳሩ ብዛት ይልቅ ቶሎ ቶሎ መጎንጨቱ የሚጎዳው። «ጥርሴ ተበላ» የምንለው ግን ድንቅ ገላጭ ነው፣ አልነካውም።

«ማስሞላት» ብዙ ማለት አያስፈልገውም፦ የተበላው ይጸዳል፣ ጉድጓዱ ይሞላል። ብርማው አማልጋም ነው፣ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ከተወሰኑ የህክምና ምክንያቶች በቀር አይሰራበትም፣ ዋናው ሰበብ የአካባቢ ብክለት ነው። አፋችሁ ውስጥ ያለና ደህና የሆነ አማልጋም ካለ ግን ለዚህ ብላችሁ አታስፍቁ። ነጩ ኮምፖዚት ነው፣ በሰማያዊ ብርሃን የሚደርቀው። ልትጠነቀቁት የሚገባው ቃል «ጊዜያዊ» ነው። ጊዜያዊ ሙሌት ተደርጎላችሁ ሕመሙ ሲጠፋ «ጨረስኩ» እንዳትሉ፤ ለሳምንታት የተሰራ ነገር ለዓመታት ሲቆይ ይፈሳል፣ ይሸረፋል፣ ከበታቹ ያለው ጥርስ ይበላሻል። የጥርስ ክሊኒክ ልዩ ሽታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ሙሌት ነው የሚመጣው። ዩጂኖል ይባላል፣ የቅርንፉድ ዘይት ዋና ንጥረ ነገር ነው።

ቀጥሎ ዋናው ጭቅጭቅ፣ «አስተከልኩ»።

በአማርኛ አንድ ሰው የጎደለ ጥርሱን በምንም መንገድ ቢተካ «አስተከለ» እንላለን። ሐኪም ጋ ግን ቢያንስ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው የሚወልቅ ሰው ሰራሽ ጥርስ ነው፣ ማታ ታወልቁታላችሁ፣ ታጥቡታላችሁ። ሁለተኛው ድልድይ፣ ብሪጅ፦ ከጎደለው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጥርሶች ተሞርደው ክራውን ይለብሳሉ፣ መሀል ላይ የውሸቱ ጥርስ ተንጠልጥሎ አብሮ ይሰራል። ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ ግን ጤነኛ ጎረቤቶች ይሞረዳሉ፣ የተሞረደ ጥርስ ደግሞ አይመለስም። ሦስተኛው ኢምፕላንት ነው፣ እውነተኛው ተከላ። የቲታኒየም ብሎን አጥንት ውስጥ ይገባል፣ አጥንቱ ወራት ወስዶ ይይዘዋል፣ ከዚያ ላዩ ላይ ጥርስ ይታሰራል። ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያስተዋለው ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ ነው፣ የጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባው መሣሪያ አልወጣ ብሎት። በሰው ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 ተሰራ። ኢምፕላንት አይበሰብስም፣ ግን ድዱ ይታመማል፣ በዙሪያው ያለው አጥንት ሊያልቅ ይችላል፣ ስለዚህ «አንዴ ተክዬ ተገላገልኩ» አይሰራም። «እንተክልልሃለን» ስትባሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ ጎረቤቶቹ ይሞረዳሉ ወይስ አይሞረዱም?

«ማልበስ» የሚለውን ግን እወደዋለሁ። ክራውን ለማለት «ዘውድ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፣ ማንም አይገባውም። «ጥርሴን አለበሰልኝ» ሲባል ሥራው ይታያል። በተለይ ስሩ የጸዳ የኋላ ጥርስ ብዙ አካሉን ስላጣ ሲታኘክበት ለሁለት ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ስለዚህ ይለበሳል። ሩት ካናል አሰርቶ ማልበሱን የተወ ሰው ጥርሱን በመጨረሻ ሲያስነቅል ብዙ አይቻለሁ።

«መንጋጋ» ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ቃሉ የኋላ ጥርስም ነው፣ ጥርሶቹ የተተከሉበት አጥንትም ነው። «መንጋጋዬን ያመኛል» ያለ ሰው ጥርሱ ሊሆን ይችላል፣ ጆሮ ስር ያለው መገጣጠሚያ ሊሆን ይችላል። በጣት ጠቁሙ። የላይኛው የኋላ ጥርሶች ሁሉ ባንዴ ካመሙና ጎንበስ ስትሉ ከባሰ ደግሞ ሳይነስ መሆኑ ይጠረጠራል። ከደረት መጨነቅ፣ ከላብ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር የመጣ የመንጋጋ ሕመም ግን የልብ ሊሆን ይችላልና የጥርስ ሐኪም አይደለም የሚፈለገው፣ ድንገተኛ ክፍል ነው።

«ነቀለ»፣ «ወለቀ»፣ «ተሸረፈ» የሚሉትን አታምታቱ። በሆነ ሥራ «ጥርሱን የነቀለ» ስንል እዚያው ያደገ፣ የወተት ጥርሱን እዚያው የጣለ፣ የበቃ ሰው ማለታችን ነው። ክሊኒክ ስትደውሉ ግን ልዩነቱ የደቂቃ ጉዳይ ነው። «ልጄ ወድቆ ጥርሱ ተሸረፈ» ካላችሁ ስባሪውን ይዛችሁ መምጣት ይበቃል። «ወለቀ» ካላችሁ፣ ማለትም ከነስሩ ከወጣ፣ ሩጫ ነው። ቋሚ ጥርስ ከሆነ ስሩን አትንኩት፣ አትፈግፍጉት፣ ነጩን ክፍል ያዙ፣ ቆሻሻ ከነካው በጥቂቱ አለቅልቁት፣ ከቻላችሁ እዚያው ቦታው መልሱትና ጨርቅ አስነክሱት። ካልቻላችሁ ወተት ውስጥ ክተቱት፣ ውሃ ውስጥ አይደለም። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከተመለሰ የመዳን ዕድሉ ትልቅ ነው፣ ከሰዓት ሲያልፍ ይመነምናል። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም፣ ከበታቹ ያለውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳልና።

ከተነቀለ በኋላ ደግሞ «ድራይ ሶኬት» የሚባል አለ። የጥርሱ ጉድጓድ ውስጥ የረጋው ደም ክዳን ነው። በመጉመጥመጥ፣ በመትፋት፣ በማጨስ ከወጣ አጥንቱ ይጋለጣል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እስከ ጆሮ የሚወጋ ሕመም ይመጣል። ለዚህ ነው «ዛሬ አትጉመጥመጥ» የሚባለው።

«ጥርሱን ነከሰበት» ቂም ያዘበት ማለት ነው፣ «ጥርሱ ውስጥ ገባ» ደግሞ ቂም ተይዞበት የሚፈለግ ሰው ሆነ። ሰው ሲናደድ ጥርሱን እንደሚገጥም ቋንቋችን አሳምሮ ያውቃል። ሌሊት ተኝቶ ማፋጨትም አለ፣ ሐኪሞች ብሩክሲዝም ይሉታል። ባለቤቱ አይሰማም፣ አጠገቡ የተኛ ሰው ነው የሚሰማው። ጠዋት መንጋጋው ይዝላል፣ የጥርሶቹ ጫፍ ይላጋል። ቀን ቀን ደግሞ ራሳችሁን ታዘቡ፤ ሳትበሉና ሳትውጡ የላይና የታች ጥርሳችሁ መነካካት የለበትም። አሁን ይህን ስታነቡ ገጥማችሁ ከሆነ ልቀቁት።

ካርድ ላይ «46» ተጽፎ አይታ «ሰው ያለው 32 ጥርስ አይደል እንዴ?» ያለችው አባል ትክክል ናት፣ እኔም መልሱን በመስጠት ላብቃ። አርባ ስድስት ተብሎ አይነበብም፣ «አራት ስድስት» ነው። አፍ በአራት ይከፈላል። በታካሚው በኩል ላይ ቀኝ 1፣ ላይ ግራ 2፣ ታች ግራ 3፣ ታች ቀኝ 4። ሁለተኛው ቁጥር ከመሀል ወደ ኋላ ስንተኛ መሆኑን ይናገራል። 46 ማለት ታች በስተቀኝ ስድስተኛው ጥርስ ነው፣ የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ። 3 ክራንቻ ነው፣ 8 የጥበብ ጥርስ። የወተት ጥርሶች 20 ናቸውና የራሳቸው ሩብ አላቸው፣ ከ5 እስከ 8፤ ስለዚህ የልጅ ካርድ ላይ 85 ቢጻፍ ስህተት አይደለም። አንዳንድ አገር፣ ለምሳሌ አሜሪካ፣ ከ1 እስከ 32 ነው የሚቆጥሩት፤ ካርድ ይዛችሁ አገር ከቀየራችሁ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ፣ ያልታመመ ጥርስ እንዳይነካባችሁ። ወላጆች ደግሞ ስድስት ቁጥርን ልብ በሉት። ስድስት ዓመት አካባቢ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ፣ ማንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ በጸጥታ ይበቅላል። ብዙ ሰው የወተት መስሎት «ይወልቃል» ብሎ ይተወዋል። እሱ ቋሚ ነው።